ሰሃን የሚባለው ዓሣ

መርፌው ገባ።

መግባት አልነበረበትም። ድንጋይ ሲያገኝ ይፋጫል፣ አጥንት ሲያገኝ ያንሸራትተዋል፤ አሁን ግን ሳሙና ውስጥ እንደገባ ድምፅ ሳያሰማ ጫፉ ተዋጠ። ሴትየዋ እጇን ባለበት አቆመች። ከዚያ ቀስ ብላ መዘዘችውና ጫፉን በማይክሮስኮፑ ሥር አየችው። ነጭ ዱቄት ይዞ ወጥቷል።

“ምን ሆንሽ?” አለቻት ዶክተሯ ከማዶ ጠረጴዛ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል።

“ምንም። አንገቴ ነው።”

አንገቷን ማለቷ ውሸት አልነበረም። ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሠላሳ አንዱን ያሳለፈችው በዚህ ሙዚየም ምድር ቤት፣ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ጎብጣ ነው። ሥራዋ ከድንጋይ ውስጥ ዓሣ ማውጣት ነው። ከስንት ሚሊዮን ዓመት በፊት ጭቃ ውስጥ ተቀብረው ድንጋይ ሆነው የቀሩትን፣ በመርፌና በብሩሽ ዙሪያቸውን ፈቅፍቃ ታወጣቸዋለች። ጣት የምታህል ዓሣ አንድ ወር ትፈጃለች። ሰፈር ውስጥ ሥራዋን ለሚጠይቃት “ዓሣ አጥማጅ ነኝ፤ ባሕሩ ግን ደርቆብኛል” ትላለች። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ከዘበኛው እስከ ዳይሬክተሩ መርፌ ነው የሚሏት። ከመለመዱ የተነሣ በስሟ የጠሯት ቀን ሌላ ሰው የፈለጉ ይመስላታል።

ያን ቀን ጠዋት የተነሣችው በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። የሰማንያ አንድ ዓመት አባቷን አጠበች፣ ልብስ ቀየረችላቸው፣ ከአልጋ አንሥታ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ አስቀመጠቻቸው። ታናሽ እህቷ መጥታ እስክትተካት ጠበቀችና ሁለት አውቶብስ ቀያይራ ሥራ ገባች። ባለፈው ዓመት አባቷ ዳሌያቸው ከተሰበረ ወዲህ ቀኑ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ስለዚህ መርፌው ሲገባ መጀመሪያ የመጣላት ሐሳብ ድካም ነው የሚል ነበር። ደክሟት እጇ ከብዶ ይሆናል።

ደግማ ሞከረች፤ ከመጀመሪያው ቦታ በጣት ስፋት ርቃ። ገባ።

ጠረጴዛዋ ላይ የተኛው ዓሣ ሰሃን ይባላል። ረጅም የላቲን ስም አለው፤ ግን ሠራተኛው ሁሉ ሰሃን ነው የሚለው፣ ክብና ጠፍጣፋ ስለሆነ። አርባ አንድ ዓመት ላይኛው አዳራሽ መግቢያ ላይ በመስታወት ውስጥ ቆሞ ሰው ተቀብሏል። የመግቢያ ቲኬቱ ላይ ያለው ሥዕል የእሱ ነው። በዚህ ሳምንት ወደ ምድር ቤት ያስወረደችው ዶክተሯ ናት፤ ምክንያቷም ቀላል ነበር። የሆዱ ጠርዝ ላይ ቡናማ ቅርፊት የመሰለ ነገር ስላለ ልኬቱ በትክክል አይያዝም፤ መርፌ ጠርዙን ታጽዳው፣ እሷም የመጨረሻዋን ነጥብ ታስቀምጥ።

ዶክተሯ የዓሦችን ገላ ነው የምታጠናው። ዓሣ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አሳድዶ የሚበላው እንደ ጦር ቀጭን ነው። ጭቃ ለጭቃ የሚሳበው እንደ እባብ ይረዝማል። ወለሉ ላይ ተኝቶ የሚያደባው እንደ ጫማ ሶል ተጠፍጥፏል። በድንጋይና በሣር መሃል እጥፍ ዘርጋ የሚለው ደግሞ አጭርና ክብ ነው። ይህ ሁሉ ልዩነት ግን ከጥንት አልነበረም። ታችኛው ድንጋይ ውስጥ የሚገኙት ዓሦች እንደ አንድ እናት ልጆች ይመሳሰላሉ፤ ወደ ላይኛው ድንጋይ ሲመጣ ቅርጹ በየዓይነቱ ይሆናል። መቼ ነው የተለያዩት? አብዛኛው የባሕር ፍጥረት ካለቀበት ከታላቁ እልቂት በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሊቃውንቱ በኋላ ነው ይላሉ፤ ያ ሁሉ ሲሞት ቦታ ተለቀቀ፣ የተረፉት እንደየኑሯቸው ገላ አወጡ። ዶክተሯ ደግሞ አይደለም፣ ልዩነቱ ቀድሞ ተጀምሯል ብላ አራት ዓመት ሙሉ አራት መቶ አሥራ ሁለት ዓሣ ለካች። ከአፍ ጫፍ እስከ ጅራት ሥር፣ ከጀርባ እስከ ሆድ፣ ከዓይን እስከ ክንፍ። ከእልቂቱ በፊት ከነበሩት ውስጥ አንድ ብቻ ነው ክብ ሆኖ የተገኘው። ሰሃን።

ጽሑፉ ነገ ጠዋት ይላካል። የዶክተሯ የሥራ ውል የሚያልቀው በሚመጣው ወር መጨረሻ ነው፤ የሚታደሰው ወይም የማይታደሰው በዚህ ጽሑፍ ነው። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ፤ አያወሩትም እንጂ።

መርፌ መሳቢያዋን ከፍታ በውሃ የቀጠነ አሲድ ያለበትን ጠብታ ጠርሙስ አወጣች። ይህኛው ድንጋይ ኖራ ነው፤ አሲድ ሲነካው አረፋ ያወጣል። ጀሶ ግን ዝም ይላል። ራሱ አጠገብ ጠብ አደረገች፤ ድንጋዩ ፍስስ ብሎ አረፋ አወጣ። ጅራቱ አጠገብም አረፋ ወጣ። ሆዱ ጠርዝ ላይ ጠብ አደረገች። ጠብታዋ እንደ ዕንባ ኮለል ብላ ቁጭ አለች። ጀርባው ላይም ቁጭ አለች። አሥራ አንድ ቦታ ሞከረች፤ ዝም ያለውን ሁሉ በዓሣው ፎቶግራፍ ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገችበት። ምልክቶቹ ሲገናኙ የሆዱ ግማሽና የጀርባው ጉብታ ከዓሣው ተለይተው ወጡ። የቀረው ራስ፣ አከርካሪና ጅራት ነው። ሆዱ ምን ያህል ወደ ታች እንደሚወርድ፣ ጀርባውም ምን ያህል ወደ ላይ እንደሚወጣ ከዚያ ላይ ማንም ሊያውቅ አይችልም።

ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋ አደረገች፤ ብዙም አልተገረመችም። ሥራው ያማረ ነው። የክንፉ ቀጫጭን አጥንቶች በጀሶው ላይ አንድ በአንድ በመርፌ ተጭረዋል፤ ቀለሙ ከድንጋዩ አይለይም። ጭረቶቹ ሁሉ በትንሹ ወደ ግራ ያዘነብላሉ። እንዲህ የሚጭር አንድ ሰው ብቻ ነው የምታውቀው። ሥራውን ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ ይህን ወንበርም የተረከበችው ከእሳቸው ነው። ዛሬ ጠዋት ጀርባቸውን በፎጣ አድርቃላቸው ነው የመጣችው።

“በምሳ ሰዓት ቤት ደርሼ ልመጣ ነው፤ አባባ ትንሽ ደከም ብሏቸዋል” አለች።

ዶክተሯ አሁን ቀና አለች። “ምነው፣ ባሰባቸው? ሂጂ እትዬ። ሆዱ ግን አለቀልሽ?”

“ስመለስ እነግርሻለሁ።”

አውቶብሱ ውስጥ መቀመጫ አግኝታ ነበር፤ ግን አንዲት ነፍሰ ጡር ገብታ ተነሣችላት። የምትለውን ነገር በሐሳቧ ብታበጃጅም አልያዝ አላት። አባትን እንዴት ብሎ ነው የሚጠይቁት? ሌባ ቢሆኑ ይቀል ነበር። አባቷ በጎረቤቱ ሁሉ በጥንቃቄያቸው የሚታወቁ ሰው ናቸው፤ ሰዓት ሲበላሽ፣ የጌጥ ጉትቻ ሲሰበር እሳቸው ጋ ነው የሚመጣው። ልጅ ሳለች “እጅ ሲቸኩል ዓይን ያፍራል” ይሏት ነበር።

በሩን እህቷ ከፈተችላት። እህቷ አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ ክብ ፊትና ፈጣን አንደበት አላት።

“እታለም፣ በዚህ ሰዓት? ምን ተፈጠረ?”

“ምንም አልተፈጠረም። አባባን ለሥራ ነገር ልጠይቃቸው ነው።”

“የዓሣ ሥራ ደግሞ ምን አስቸኳይ አለው? ከሞተ ስንት ዘመኑ” አለች እህቷና ስቃ ወደ ማድ ቤት ገባች።

አባቷ መስኮቱ ሥር ጭናቸው ላይ ሣህን አስቀምጠው ድንች ይልጣሉ። ዳሌያቸው እንጂ እጃቸው አላረጀም፤ ልጣጩ ሳይበጠስ እንደ ጥብጣብ ይወርዳል። ልጃቸውን ሲያዩ ፊታቸው በራ።

“ምነው ልጄ፣ አባረሩሽ እንዴ?”

“ገና አላባረሩኝም።” አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። “አባባ፣ ሰሃንን ዛሬ እያጸዳሁት ነበር” አለች።

ቢላዋው ቆመ።

“ምኑን ነካሽው?”

“ሆዱን።”

“ገባ?”

“ገባ።”

አባቷ ቢላዋውን ሣህኑ ላይ አጋደሙት። ድንቹን ግን አልለቀቁትም። በመስኮቱ ወደ ውጭ ተመለከቱ፤ ከጎረቤት ግድግዳ በቀር የሚታይ ነገር የለም።

“አርባ አንድ ዓመት” አሉ። “መጀመሪያ ላይ በየቀኑ እጠብቅ ነበር፣ ዛሬ ይነቁብኛል ብዬ። ኋላ ተውኩት። ሰው ሁሉ በመስታወት ነው የሚያየው፣ የሚነካው የለም። ልጄ ትነካዋለች ብዬ ግን አላሰብኩም።”

“ምን ሆኖ ነው?”

“ወደቀብኝ።”

ነገሩን ሲያወሩት እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ነበር የሚያወሩት፣ ድምፃቸውን ከፍ ዝቅ ሳያደርጉ። አዳራሹ ሊመረቅ አንድ ቀን ቀርቶታል። ሰሃንን ሦስት ወር ሙሉ አጽድተው ጨርሰውታል። ተሸካሚዎቹን ስላላመኗቸው ድንጋዩን ራሳቸው አቅፈው ደረጃ ወጡ። ሦስተኛው ደረጃ ላይ እግራቸው ሳተ። ራሳቸውን ለማዳን ሳይሆን ዓሣውን ለማዳን ሲሉ ዞሩ፤ ድንጋዩ የደረጃውን ብረት መታና ሁለቱ ጠርዞቹ እንደ ብስኩት ረገፉ።

“መሃሉ ተረፈ። ዳርና ዳሩ ዱቄት ሆነ። በመሐረቤ ጠራርጌ ኪሴ ከተትኩት። እናትሽ ያን ዕለት ሆስፒታል ናት፣ ይቺን” አገጫቸውን ወደ ማድ ቤት አመለከቱ፣ “ልትወልድ። ከሥራ ቢያስወጡኝ የት እወድቃለሁ? በሩን ዘጋሁና ጀሶ በጠበጥኩ።”

“ለማንም አልተናገሩም?”

“ለናትሽ ነግሬያታለሁ። ‘ከመሞት መሰንበት’ አለችኝና ዞራ ተኛች። ከዚያ በኋላ አንሥተነው አናውቅም።”

መርፌ እጆቿን ጭኖቿ መሃል ከታ ተቀምጣለች። ሊነግሯት ስለፈቀዱ ትንሽ ቀለላት፤ ግን የመጣችበት ጥያቄ ገና ነው።

“አባባ፣ የሠሩት ልክ እንደነበረው ነው?”

“እንዴታ። ሦስት ወር ዓይኔን ያልነቀልኩበት ዓሣ ነው። ጨፍኜም አየዋለሁ። ጨፍኜ ያየሁትን ነው የሠራሁት።”

“ልክ እንደነበረው?”

“እንደነበረው ነው አልኩሽ።”

ማድ ቤት ውስጥ ውሃ ይፈሳል። አባቷ ድንቹን በአውራ ጣታቸው እያሻሹ ብዙ ቆዩ።

“ምናልባት” አሉ በመጨረሻ፣ “ትንሽ ይበልጥ ክብ ሳላደርገው አልቀረሁም።”

“ምን ያህል?”

“እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ። ያኔ ዓሣ የሚለካ ሰው የት ነበር? የሚታይ ዓሣ ነበር የሚፈለገው። እጄ ጀሶ ላይ ሲሆን ክቡ ደስ አለው። ሆዱን ትንሽ ሳወርደው ጀርባው አነሰብኝ፤ ጀርባውን ጨመርኩለት። አየሽ፣ የሚያምር ዓሣ ነበር። የበለጠ እንዲያምር ፈለግኩ።”

“ፍርፋሪው የት አለ? እሱ ቢኖር በማጉያ ተገጣጥሞ…”

“ወንዝ ውስጥ በተንኩት።” ፈገግ ሊሉ ሞክረው ነበር። “ዓሣ አይደል፣ ወደ ውሃው መለስኩት።”

ከዚያ ስለ ዶክተሯ ነገረቻቸው። እንዴት አራት መቶ አሥራ ሁለት ዓሣ እንደለካች፣ ያ ሁሉ ልኬት እንዴት በሰሃን ሆድ ላይ እንደቆመ። አባቷ እንደ ጥሩ ተማሪ እያዳመጡ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። የዓሦች ገላ ከኑሯቸው ጋር እንዴት እንደተለዋወጠ ሲሰሙ ነገሩ ራሱ ስቧቸው የራሳቸውን ጉዳይ ለአንድ አፍታ የረሱ መሰሉ። “ታዲያ ያ ሞት ባይመጣ ኖሮ ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነው ይቀሩ ነበር?” ብለው ጠየቁ።

“ጥያቄው እሱ ነው። ሰሃን ነበር መልሱ።”

ይህን ስትላቸው አንገታቸው ቆመ። እጃቸውን ዘርግተው ክንዷን ያዙ። እጃቸው ድንች ድንች ይላል።

“ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። እስክሞት ዝም በይልኝ። ሩቅ አይደለም።”

“አባባ…”

“እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኔው አርባ አንድ ዓመት አድሯል፤ ትንሽ ቢጨምር ምን ይሆናል? ሰፈርተኛው የሚያውቀኝ በሱ ነው። ዘበኛው እንኳ ‘የሰሃን አባት’ ነው የሚለኝ።”

ተነሥታ ትራሳቸውን አስተካከለች፣ እግራቸው ላይ ብርድ ልብሱን መለሰች። እህቷ ሾርባ ልቅዳልሽ ብትላት አልበላም አለችና ወጣች። በር ላይ እህቷ ክንዷን ያዝ አድርጋ “ምን አልሻቸው? ፊታቸው ተለዋወጠ” አለቻት።

“የሥራ ነገር ነው።”

“እናንተ ሁለታችሁ ከሰው ይልቅ ለድንጋይ ነው የምታዝኑት።”

ስትመለስ አውቶብሱ ባዶ ነበር፤ መስኮት ሥር ተቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። እንቅልፍ ግን አልመጣም። ዝም ማለት ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ታየት። ሁለት ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው፤ መርፌ የገባባቸው። ጥፍር የምታህል ጀሶ፣ አንድ ጠብታ ቀለም፤ ከሩብ ሰዓት የማይበልጥ ሥራ ነው። ደግሞም ከሷ የተሻለ የሚደፍነው የለም። የአባቷን እጅ ለመምሰል ጣቷን ማዘንበል እንኳ አያስፈልጋትም፤ ተፈጥሮዋ ሆኗል። እንዲህ ስታስብ ልቧ ላይ የተቀመጠው ነገር ፍርሃት አልነበረም። ድካም ነው፤ አሁንስ በዛ የሚያሰኝ ድካም።

ዶክተሯ እንደተወቻት ኮምፒውተሩ ፊት ነች። ስክሪኑ ላይ ነጥቦች ተበትነዋል፤ እያንዳንዱ ነጥብ አንድ ዓሣ ነው። ከእልቂቱ በፊት የነበሩት በሰማያዊ አንድ ጥግ ላይ ተጨናንቀዋል፣ በኋላ የመጡት በቀይ መላውን ሜዳ ሞልተውታል። ከሰማያዊዎቹ አንዱ ብቻ ከወገኖቹ ተለይቶ ቀዮቹ መሃል ቁጭ ብሏል።

“አባትሽ እንዴት ናቸው?”

“ደህና ናቸው። ዶክተር፣ እስቲ ወንበርሽን ወደዚህ አዙሪ።”

አዞረች። መርፌ ፎቶግራፉን ከነእርሳስ ምልክቱ አስቀመጠችላት፤ ከአሲዱ ጀምራ እስከ ወንዙ ሁሉንም ነገረቻት። ለማሳጠር ብትሞክርም አልሆነላትም፤ የእናቷን ሆስፒታል መተኛት ጭምር ነገረቻት። ዶክተሯ መሃል ላይ አላቋረጠቻትም። ሲያበቃ ፎቶግራፉን አንሥታ ወደ መብራቱ አስጠጋችው።

“ስንት ቦታ ሞከርሽ?”

“አሥራ አንድ።”

“ያንቺ አሥራ አንድ የሌላ ሰው መቶ ነው።” ፎቶግራፉን አስቀመጠች። “እሳቸውስ ምን ይላሉ? ክብ ነበር?”

“ክብ ነበር። ግን ትንሽ ጨምሬበታለሁ ይላሉ። ምን ያህል እንደሆነ አያውቁትም።”

“ስለዚህ ልክ ልሆን እችላለሁ።”

“ትችያለሽ።”

“ግን ማሳየት አልችልም።” ሳቀች፤ ደስ የማይል አጭር ሳቅ። ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አደረገችና ብቸኛው ሰማያዊ ነጥብ ጠፋ። ሜዳው ተስተካከለ፤ ሰማያዊው እዚያ፣ ቀዩ እዚህ። “አየሽው? አሁን ሰው ሁሉ የሚለውን ነው የሚለው። ልዩነቱ የመጣው ከእልቂቱ በኋላ ነው። አራት ዓመት ለክቼ የታወቀውን አወቅኩ።”

መርፌ “የታወቀውን በልኬት ማወቅም ዕውቀት ነው” ልትል ፈልጋ ነበር፤ ውል ለሚያልቅባት ሴት የሚባል አልመሰላትም። ተነሥታ ከቴርሞሱ ሁለት ኩባያ ሻይ ቀዳችና አንዱን አቀበለቻት። ዶክተሯ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ ተናገረች።

“እንዲህ እናድርግ። ሰሃንን ከጥናቱ አወጣዋለሁ። አራት መቶ አሥራ አንድ ዓሣ ይላል ጽሑፉ። ለምን አወጣሽው የሚለኝ የለም። አንቺም ሆዱን ትደፍኚና ዓሣው ወደ መስታወቱ ይመለሳል። የአባትሽ ስም አይነሣም።”

መርፌ አውቶብስ ውስጥ ዓይኗን ጨፍና የተመኘችው ይህንኑ ነበር፤ አሁን ያለ ልመና ተሰጣት። አባቷ በሰላም ይሞታሉ፣ ዶክተሯ አትዋሽም፣ እሷም ነገ እንደ ዛሬ ሥራ ትገባለች። አመሰግናለሁ ልትል አፏን ከፈተች።

“ከሃያ ዓመት በኋላስ?” አለች በምትኩ።

“ከሃያ ዓመት በኋላ ምን?”

“ሌላ ሰው መጥቶ ይለካዋል። እንዳንቺ አራት ዓመት ይለፋል።”

“ያኔ እኔ እዚህ አልኖርም። አንቺም ጡረታሽን ይዘሽ ትተኛለሽ።”

“ዓሣው ግን ይኖራል።”

ዶክተሯ ኩባያውን አስቀምጣ ዐይኖቿን በመዳፏ አሸች። ስታነሣው ፊቷ ከዕድሜዋ አሥር ዓመት ጨምሮ ታየ።

“እትዬ፣ ለራስሽ ብዬ እኮ ነው።”

“አውቃለሁ።”

“እሺ።” ተነሥታ ወደ ብረት ቁም ሣጥኑ ሄደች፣ መሳቢያ ጎትታ ብዙ ፈለገችና ዳሩ ቢጫ የሆነ የወረቀት ካርድ ይዛ ተመለሰች። ሙዚየሙ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ድንጋይ አንድ ካርድ አለው፤ የት እንደተገኘ፣ ማን እንዳጸዳው፣ ምን ጥገና እንደተደረገለት ይጻፍበታል። የሰሃን ካርድ ላይ ከላይ ያለው ሁሉ በአባቷ ንጹሕ ጽሕፈት ተሞልቷል። “ጥገና” የሚለው ቦታ ባዶ ነው።

“አንቺ ጻፊው፤ ያገኘሽው አንቺ ነሽ” አለች ዶክተሯ። “በማይታወቅ ጊዜ፣ በማይታወቅ ሰው፣ ሆድና ጀርባው በጀሶ የተጠገነ፤ ለልኬት አይሆንም። ይሄ ይበቃል። የሚመጣው ሰው እንዳይሳሳት ያደርገዋል፤ እሳቸውንም አይነካም።”

ደግነት ነው። መርፌ ደግነቱ ገባት፤ ዛሬ ሥራዋ የፈረሰባት ሴት ያደረገችላት ደግነት። ካርዱን ወደ መብራቱ አስጠግታ እርሳስ አነሣች። “በማይታወቅ” ብላ ጻፈች። ቀጥሎ “ጊዜ” ብላ ጻፈች። ከዚያ ቆመች። ከላይ ያለውን የአባቷን ጽሕፈት አየች፤ ከሥሩ የራሷን አየች። ፊደሎቹ ይመሳሰላሉ፤ አንድ ሰው የጻፈው ይመስላል።

ላጲስ አንሥታ ሁለቱን ቃላት አጠፋች። የላጲሱን ፍርፋሪ እፍ ብላ አራገፈች።

“ካርዱን እስከ ነገ ጠዋት ልውሰደው?”

“ካርድ ከዚህ ቤት አይወጣም፤ ታውቂያለሽ።”

“አውቃለሁ።”

ዶክተሯ አየቻት። ምን ልታደርግ እንደሆነ ይግባት አይግባት ከፊቷ አይታወቅም። ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ አዞረችና “ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ነው ጽሑፉን የምልከው። ከዚያ በፊት ቦታው ይመለስ። እኔ አላየሁም” አለች። የጽሑፉን የመጀመሪያ ገጽ ከፈተችና ከርእሱ ጀምራ መሰረዝ ያዘች።

መርፌ ካርዱን እንዳይታጠፍ በሁለት ካርቶን መሃል አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ሰሃንን ባለበት፣ ሁለት ቀዳዳዎቹ እንደተከፈቱ፣ በጨርቅ ሸፈነችው። ዶልዱሞ የነበረውን እርሳሷን ቀረጸችና እሱንም ጨመረችው።

አውቶብስ ፌርማታው ላይ ሰልፉ ረጅም ነበር። ፀሐይ ከሕንፃዎቹ በላይ አለች ገና። ስልኳን አውጥታ ደወለች።

“እታለም፣ ዛሬ ምን ነክቷችሁ ነው?” አለች እህቷ ገና ሳትጠየቅ። “ምሳቸውን አልነኩም። ድንቹንም እንደያዙ ናቸው። ላስተኛቸው እያልኩ ነበር።”

“አታስተኚያቸው። መጣሁ።”

“ደክመዋል እኮ።”

“እኔም ደክሞኛል” አለች መርፌ። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፤ አንድ እርምጃ ተጠጋች። “ጠረጴዛውን አቅርቢላቸው። መነጽራቸውንም ፈልጊላቸው።”

“ለምን?”

“የሚጽፉት ነገር አለ።”